የፋሲል ጥምቀተ ባሕርና የጎርጎራ ዳርቻ በወረርሽኝ ጊዜ ይዘጉ ወይስ ክፍት ይሁኑ?

የቃሃ ዳር

በኮቪድ-19 የመጀመሪያ ወራት መንግሥታት ከወሰዷቸው እርምጃዎች መካከል ሕዝብ የሚበዛባቸውን የባሕር ዳርቻዎች መዝጋት የሚያህል ብዙ ፎቶግራፍ የተነሣለትና ብዙ ያከራከረ ያለ አይመስለኝም። በሲድኒ የሚገኘው የቦንዳይ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2020 የተዘጋው፣ ከቤት ውጭ ለሚደረግ መሰባሰብ ከተወሰነው የ500 ሰው ጣሪያ በላይ ሕዝብ በዋዜማው አሸዋው ላይ ተሰጥቶ ስለታየ ነበር። የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 የኦሬንጅ ካውንቲ ዳርቻዎች እንዲዘጉ ያዘዙት ደግሞ ባለፈው የሳምንት መጨረሻ ኒውፖርት ቢች ላይ የታየው ግርግር ስላሳሰባቸው ነው። በፍሎሪዳ በአንጻሩ አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ በግዛቱ ሙሉ የሚጸና የመዝጊያ ትእዛዝ አልሰጥም ብለው ውሳኔውን ለየአካባቢው ተዉት፤ በዚህ የተበሳጨ አንድ ጠበቃም ሞትን መስሎ ጥቁር ካባ ለብሶና ማጭድ ይዞ በየዳርቻው እየተዘዋወረ ሰዉን ወደ ቤትህ ተመለስ ይል ነበር።

እኛ ጎንደሬዎች ባሕር ባይኖረንም ከጥያቄው ነፃ አይደለንም። በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሰበሰበው ሕዝብ ከብዙዎቹ ዳርቻዎች የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም፤ በበዓላትና በእሑድ ቀናት ወደ ጎርጎራ ወርዶ በጣና ዳር የሚውለውም ሰው ጥቂት አይባልም። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርምና) እነዚህን ቦታዎች መዝጋት ይገባል ወይ የሚለውን ጉዳይ አሁን፣ ጭንቅላታችን በረጋበት ጊዜ፣ ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ነው ያነሣሁት።

የእኔ አቋም መዝጋት አይገባም የሚል ነው። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ኃይሉ በታፈነ ክፍል ውስጥ ነው። በወረርሽኙ መባቻ በቻይና ከ7,000 በላይ ታማሚዎች የያዙበትን ሁኔታ የመረመረ ጥናት ከቤት ውጭ ተከሠተ ሊባል የሚችል ያገኘው አንድ አጋጣሚ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሁለት ሰዎችን የሚመለከት ነበር። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተላላፊ በሽታዎች ሊቅ የሆኑት ማርክ ዉልሃውስም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በብሪታንያ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ በዓለም ላይ ከባሕር ዳርቻ ጋር የተያያዘ የኮቪድ ወረርሽኝ እንዳልታየ ተናግረዋል። ነፋስና ፀሐይ ያለበትን ቦታ ዘግቶ ሰውን ወደ ጠላ ቤት፣ ወደ ቡና ቤትና ወደ ጠባብ ሳሎን መመለስ በሽታውን ማገዝ ነው ባይ ነኝ። ሐሳባችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

የጤና ባለሙያ ከማራኪ

ወንድሜ፣ የጠቀሱት ማስረጃ ትክክል ቢሆንም የጊዜውን ቅደም ተከተል ዘለሉት። የኮሚቴው ምስክርነት የተሰጠው ዳርቻዎቹ ከተዘጉ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲገኝ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትልልቅ ስብሰባዎች ሲታገዱ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በሽታው በእጅ ንክኪ ይብስ ወይም በአየር ይብስ እንደሆነ እንኳን ስምምነት አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ስርጭቱ ባለበት አካባቢ ኅብረተሰቡ የጨርቅ ጭምብል እንዲያደርግ የመከረው እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ነው። በዚያን ሰዓት የተሰጠን ውሳኔ ኋላ በተገኘ ዕውቀት መመዘን ፍትሐዊ አይደለም፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልክ እንደዚያው ድንግዝግዝ ውስጥ ያስገባናል።

ሁለተኛው ነገር፣ «ከዳርቻ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ አልታየም» ማለት አንድ ነው፣ «ዳርቻ ላይ ማንም አልተያዘም» ማለት ደግሞ ሌላ ነው። አብሮኝ ቢሮ የሚውል ሰው ቢያሲዘኝ ስሙንም አድራሻውንም አውቃለሁና የንክኪ ክትትሉ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ጥምቀተ ባሕር ላይ ከኋላዬ ቆሞ ያሳለብኝን የደብረ ታቦር እንግዳ ግን ማን ያገኘዋል? ምርመራ በሰፊው በሚካሄድበት አገር እንኳን እንዲህ ያለው መተላለፍ ከመዝገብ ያመልጣል። እንደ እኛ መመርመሪያው እየተቆጠረ በሚሰጥበት አገር ደግሞ የማስረጃ አለመኖር ብዙ አያጽናናም።

ሲድኒ ያለሁ ጎንደሬ

ስለ ቦንዳይ የተጠቀሰው ልክ ነው፤ ሆኖም ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለውን ታሪክ ጭምር ማወቁ ይጠቅማል። በዚያው ሰሞን የቦንዳይ አካባቢ በኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በሽታው ጎልቶ ከታየባቸው ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ነበርና የጤና ባለሥልጣናት እዚያው ጊዜያዊ የመመርመሪያ ጣቢያ አቁመው ነበር። ተከታትለው ያገኟቸው መነሻዎች ግን በዳርቻው አቅራቢያ የተደረገ የወጣቶች ድግስና ቦርሳቸውን አዝለው የሚዞሩ ወጣት ተጓዦች ተጨናንቀው የሚያድሩባቸው የጋራ ማደሪያዎች ነበሩ። ፎቶግራፉ የተነሣው አሸዋው ላይ ነው፤ በሽታው የተዛመተው ግን ጣሪያ ሥር ነው። አልጋ በአልጋ ላይ የተደራረበበትን ክፍል በሄሊኮፕተር ፎቶ ማንሣት ስለማይቻል ሕዝቡም ሹሙም የተቆጣው ባየው ነገር ላይ ሆነ።

ዳርቻው ኤፕሪል 28 ሲከፈት ደግሞ ለመዋኘትና በሞገድ ላይ ለመንሸራተት ብቻ ነበር፤ ጨርቅ ዘርግቶ መቀመጥና መተኛት ተከልክሏል። ገብተህ ዋኝተህ ትወጣለህ። «መዝጋት» እና «መክፈት» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ለዚህ ውይይት እንደማይበቁ ከዚህ ይታየኛል።

የአባጃሌ ጎረቤት

ርእሱን ያነሡት ወንድማችን የዉልሃውስን ቃል ግማሹን ብቻ አመጡልን። እኚሁ ምሁር በዚያው ምስክርነታቸው ብዙ ሕዝብ የሚታደምባቸውን ዝግጅቶች ለይተው አውጥተዋል፤ የፈረስ እሽቅድምድምን ምሳሌ አድርገው፣ እንዲህ ባለው ስፍራ ሰዎች ርቀታቸውን በደንብ እንደማይጠብቁ፣ በመጓጓዣና በመጠጥ መሸጫ በኩልም መጨናነቅ እንደሚፈጠር አስረድተዋል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቦንዳይ ጋር ይመሳሰላል ወይስ ከፈረስ እሽቅድምድሙ ጋር የሚለውን ነው። መልሱ ለማንም ጎንደሬ የተሰወረ አይመስለኝም።

ዳርቻ ማለት በሁለት ወገን ክፍት ሆኖ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ስፍራ ነው፤ ሰው ከበዛ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ፋሲል ግን በድንጋይ ግንብ የታጠረ ግቢ ነው፤ በጠባብ በር ተጋፍተን እንገባለን፣ ገንዳውን ከብበን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ሌሊቱን እናነጋለን፣ በአንድ ድምፅ እንዘምራለን፣ እልል እንላለን፣ ጸሎቱ ተፈጽሞ ውኃው ሲባረክ ደግሞ ጎረምሳው ከግንቡና ከዛፉ ላይ እየዘለለ ይገባል። ሰማይ ክፍት ስለሆነ ብቻ ይህን «ከቤት ውጭ» ብለን ከሲድኒ አሸዋ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ጮክ ብሎ መዘመር ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚረጭ ደግሞ ከ2012 ወዲህ ሁላችንም ሰምተናል።

ሌላም ልጨምር። ጥር 11 ቀን 2012፣ ኮሮና ወደ አገራችን ከመግባቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚያው ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ የተጎዱት ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው። በዓሉ በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ገና ሁለተኛ ወሩን ባልደፈነበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ይህን የማነሣው ቁስል ለመንካት አይደለም፤ ግቢው የሚችለው የሰው ቁጥር ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም ተወስኖ መታወቅ እንደነበረበት ለማስታወስ ነው። ቁጥሩ በሰላሙ ጊዜ ካልታወቀ በወረርሽኝ ጊዜ ግማሹን ወይም ሩቡን ብቻ አስገቡ ብሎ ማዘዝ ከየት ይመጣል?

አዘዞ

በጥር 2013 ወረርሽኙ ሳይወጣ በዓሉ በብዙ ሕዝብ ተከብሯል። ጭምብል ያደረገው ሰው ጥቂት እንደነበር በስፍራው የነበርን ሁሉ አይተናል። ስለዚህ ክርክሩ በእርግጥ ስለ መዝጋት ነው ወይስ ሊዘጋ ስለማይችል ነገር ነው?

የጤና ባለሙያ ከማራኪ

ለአዘዞ፦ ሊዘጋ አይችልም ብሎ መደምደም ይከብዳል። ከዚያ በፊት ባለው ሚያዝያ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የትንሣኤን በዓል ብዙው ምእመን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን እየተከታተለ አሳልፏል፤ ቅዳሴውም በጥቂት አገልጋዮች ተፈጽሟል። በሚያዝያ የተቻለው በጥር ያልተቻለው የሕዝቡ ፍርሃት ስለ ወጣ፣ አዋጁም በ2012 መጨረሻ ስላበቃ ይመስለኛል። እገዳ የሚጸናው ሕዝቡ በልቡ ካመነበት ነው፤ እምነቱ ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ ነገር አይደለምና አስቀድሞ በማይረባ ቦታ ላይ ካባከንነው ለሚያስፈልገው ቀን አይተርፈንም። በዚህ ነጥብ ከየቃሃ ዳር ጋር እስማማለሁ።

አስጎብኚው

እኔ ጉዳዩን ከእንጀራዬ አንጻር ነው የማየው። በጎንደር ለጥምቀት ሲባል የሆቴል አልጋ ከወራት በፊት ይያዛል፤ ክፍላቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች፣ የሀገር ልብስ የሚሸጡ ሴቶች፣ ባለ ባጃጆች፣ ሻማና ጧፍ የሚያዞሩ ልጆች የዓመቱን ወጪያቸውን ከእነዚህ ቀናት ይጠብቃሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከመዘጋቱ ይልቅ የሚጎዳቸው በመጨረሻዋ ሳምንት መዘጋቱ ነው፤ ዕቃው ተገዝቶ፣ ብድሩ ተወስዶ፣ ቀብዱ ተበልቶ ካበቃ በኋላ የሚነገር እገዳ ቤት ያፈርሳል።

ይህን ሳስብ የደቡብ አፍሪካ ውሳኔ ትዝ ይለኛል። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2020 ባደረጉት ንግግር የምሥራቅ ኬፕንና የጋርደን ሩትን ዳርቻዎች ለበዓሉ ሰሞን በሙሉ ሲዘጉ፣ ደርባን በምትገኝበት በክዋዙሉ ናታል ግን ሕዝብ ይበዛባቸዋል የተባሉትን ቀናት ብቻ፣ ማለትም ዲሴምበር 16፣ 25፣ 26 እና 31፣ እንዲሁም ጃንዋሪ 1፣ 2 እና 3ን ለይተው ዘጉ። ስርጭቱ እየበረታ ሲሄድ ከሁለት ሳምንት በኋላ እገዳው ጠብቋል፤ ዳርቻዎቹ የተከፈቱት በፌብሩዋሪ 2021 መጀመሪያ ነው። ቢሆንም ቀን ለይቶ የመዝጋቱ ሐሳብ ለእኛ የሚስማማ ነው፤ ምክንያቱም በሲድኒም ሆነ በካሊፎርኒያ ሕዝቡ የሚወጣው ፀሐይ ስትደምቅ በመሆኑ ማንም ቀድሞ ቀኑን አያውቅም። የእኛ ግርግር ግን ባሕረ ሐሳብ ሳያስፈልገው ቀኑ የታወቀ ነው። ጥር 10 እና 11 ከዓመት ዓመት አይነቃነቅምና «በድንገት ሆነብን» የሚል ሹም ሰበብ የለውም። ውሳኔው እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ቢነገረን ነጋዴውም እንግዳውም ራሱን ያዘጋጃል።

የቋራ መንገደኛ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ በሽታ ነው። ወረርሽኝ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነውን ትተን የሩቁን ብቻ እያወራን ነው የሚል ስሜት አለኝ።

በ2015 ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ገብቶ ነበር። ቦታውን የማያውቅ ካለ፣ ከብዙ አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ የሚመጡበትና ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት የሚሰነብቱበት በረሃማ ስፍራ ነው። ሰዉ በዳስና በሸራ ውስጥ ተጠጋግቶ ያድራል፣ መጸዳጃ ቤቱ ከሰው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም፣ የሚጠጣውም የሚጠመቅበትም ውኃ አንድ አካባቢ ነው። ለኮሌራ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። እዚያ ላይ «ክፍት አየር ነው፣ ነፋስ አለ» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም፤ በሽታው የሚጓዘው በተበከለ ውኃና በእጅ በኩል ነውና። የዳርቻ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በሽታው በምን ይተላለፋል የሚለው ነው። በኮቪድ ጊዜ ውኃው ንጹሕ ነው፣ አደጋው ሰዉ ነው፤ በኮሌራ ጊዜ ግን ሰው ባይጨናነቅም እንኳን ውኃው ራሱ አደጋ ነው።

ታዲያ ይዘጋ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ኮሌራ አንድን ሰው ከያዘው ምልክቱ እስኪታይ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በአንድ ቀን ማስታወቂያ ጠበሉን ዘግታችሁ ያንን ሁሉ ሕዝብ በአውቶቡስና በአይሱዙ ጭናችሁ ብትበትኑት፣ ገና ያልታመመው ሰው በሽታውን በሆዱ ይዞ ወደ መተማ፣ ወደ ደንቢያ፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም አልፎ ይሄዳል። በሽታው ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተዛመተውም በአብዛኛው ከዚያ በተመለሱ ሰዎች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘጋው መግቢያው ነው፤ አዲስ ሰው እንዳይገባ ይደረጋል። ውስጥ ላሉት ደግሞ በክሎሪን የታከመ ውኃ፣ መጸዳጃና ኦአርኤስ ይቀርብላቸዋል፣ የታመመው እዚያው በድንኳን ይታከማል፣ ጤነኛው የመታቀቢያ ቀኑን ጨርሶ በየተራ ይሸኛል። ይህ ሁሉ ከመዝጋት የበለጠ ገንዘብና ሰው ይጠይቃል፤ አንድ ሰሌዳ ሰቅሎና ሁለት ሚሊሻ አቁሞ «ተዘግቷል» ማለት ግን ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

ኮሌራን የጠቀስኩት ርእሱን ለመቀየር አይደለም። አንድ የመዝጊያ ደንብ ጽፈን ለሁሉም ወረርሽኝ እናውለው የሚል ሐሳብ ከመጣ አስቀድሜ ለመቃወም ነው።

የቃሃ ዳር

የተሰጡኝ መልሶች ሁሉ አስተምረውኛልና አመሰግናለሁ። የአባጃሌ ጎረቤት ያነሡትን እቀበላለሁ፤ የጥምቀት ሌሊትና ተራ እሑድ አንድ አይደሉም። ሆኖም ለጤና ባለሙያዋ እህቴ አንድ መልስ አለኝ። በድንግዝግዝ ውስጥ መወሰን ግድ ነው ሲባል ሁልጊዜ ወደ መዝጋት ማዘንበል አለብን ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም መዝጋት ሰዉን ከምድር አያጠፋውም፣ ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ። በካሊፎርኒያ የሆነው ይኸው ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዳርቻዎች በመዘጋታቸው ሙቀቱ ሲበረታ ሕዝቡ መኪናውን አስነሥቶ ክፍት ወደ ነበሩት ወደ ኦሬንጅና ወደ ቬንቹራ ካውንቲዎች ጎረፈ፤ ከዚያም ኦሬንጅ ተጨናነቀች ተብላ ተዘጋች። አንዱን በር ስትዘጋ የሚቀጥለው በር ላይ የሚጠብቅህን ሕዝብ ራስህ ፈጠርከው ማለት ነው።

ከራሳችን አገር ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። በ2012 የአዲስ አበባ አስተዳደር ፒያሳ የነበረውን አትክልት ተራ እጅግ በመጨናነቁ ወደ ጃንሜዳ አዛወረው። ገበያውን ዘግቶ ከተማውን ያለ ሽንኩርትና ያለ ድንች ማሳደር አይቻልምና፣ ሰዉ የሚራራቅበት ሰፊ ሜዳ ተፈለገለት። ጃንሜዳ ደግሞ የከተማዋ ታላቁ ባሕረ ጥምቀት ነውና ቤተ ክርስቲያን ቦታዬ ይለቀቅልኝ አለች፤ ገበያው ተነሥቶ፣ ሜዳው ተጠርጎ ለ2013 ጥምቀት ደረሰ። ጭቃውና ቆሻሻው ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ነገር ግን ክፍት ቦታን እንደ ስጋት ሳይሆን እንደ መድኃኒት ማየት እንደሚቻል ያሳያል። በወረርሽኝ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ሰፊ ሜዳ ነው፤ ያለንን ሜዳ ቀድመን የምንቆልፈው ከሆነ የቅዳሜ ገበያን ሕዝብ የት ልንወስደው ነው?

ዲያቆን፣ ከቀሐ ኢየሱስ አካባቢ

በቤተ ክርስቲያን በኩል የሚታሰበውን ጥቂት ልበል። ስለ ፋሲል ሲወራ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ውኃ የለበትም። ለበዓሉ ተብሎ ከቃሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ከባሕርና ከሐይቅ በተለየ እዚህ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚመጣበት ምክንያት በሰው እጅ ያለ ነው። በ2013 አንዳንድ ወጣቶች «ገንዳው ባይሞላ ኖሮ ሕዝቡ አይመጣም ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ሕዝቡ የሚመጣው ታቦቱን ተከትሎ ነው፤ ታቦት ከወጣ በደረቅ ሜዳም ቢሆን ያጅበዋል።

መታሰብ ያለበት ታቦታቱ በአንድ ቦታ ማደራቸው ነው። አዲስ አበባን ያየን እንደሆነ ሁሉም ታቦት ጃንሜዳ አይወርድም፤ በየክፍለ ከተማው ባሕረ ጥምቀት አለ፤ ምእመኑም በየአቅራቢያው ይበተናል። በጎንደርም በጭንቅ ዓመት፣ ለዚያ ዓመት ብቻ፣ የየአጥቢያው ታቦት በየአቅራቢያው ወዳለ ወንዝ ወይም ወደ ተዘጋጀ ድንኳን ወርዶ እዚያው ቢያድር ሥርዓቱ አይጎድልም። በፋሲል ደግሞ ጥቂት ካህናትና ሊቃውንት ብቻ ገብተው ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ የተባረከውም ውኃ ለየአጥቢያው ሊከፋፈል ይችላል። ይህን ለመወሰን ሥልጣኑ የብፁዓን አባቶች ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ጥያቄውን በጊዜ ማቅረብ ነው። ጥር ሲገባ በደብዳቤ የሚመጣ የመንግሥት ትእዛዝና መስከረም ላይ ከአባቶች ጋር ተቀምጦ የተመከረበት ሐሳብ በሕዝቡ ዘንድ እኩል አይሰሙም።

ወደ ውኃው ዘሎ መግባቱን በተመለከተ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የወጣቶች ደስታ እንጂ የሥርዓቱ አካል አይደለም። ለአንድ ዓመት ቢቀር ጥምቀት አልተከበረም የሚል ካህን አላውቅም።

ጎርጎራ ማዶ

ስለ ጎርጎራ ርእሱ ላይ ተጠቅሶ እስካሁን ማንም አልተናገረም። ለእኛ ዳርቻው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ወደቡም፣ ገበያውም፣ የዓሣ ማውረጃውም፣ ልብስ ማጠቢያውም እሱው ነው። «የጣና ዳርቻ ተዘግቷል» የሚል ትእዛዝ ቢመጣ በታንኳ ከማዶ ማገዶ የሚያመጣው ሰው በየት ይውረድ? በ2012 መጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳርን ጨምሮ የክልሉ ጥቂት ከተሞች ለሁለት ሳምንት እንቅስቃሴ ሲታገድባቸው የሐይቁ መንገድም ተዳክሞ ነበርና የምናገረውን አውቃለሁ።

ሊቆጣጠሩት የሚገባ ነገር ካለ ጀልባው ነው። ወደ ገዳማቱና ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ጀልባ ሰዉን ጉልበት ለጉልበት አጠጋግቶ፣ ሸራውን ከፀሐይ ጋርዶ ለሰዓታት ይጓዛል። ከጎንደር የሚመጣውም ሚኒባስ እንዲሁ ነው፤ መስኮት ክፈት ሲባል «ብርድ አለው» የሚል ተሳፋሪ መቼም አይጠፋም። በአዋጁ ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን የተደረገው ከሁሉም የተሻለ እርምጃ ነበር ባይ ነኝ፤ ታሪፉ ቢያስለቅሰንም። ዳርቻው ላይ ዓሣውን በልቶ የሚመለሰውን እንግዳ ግን ተዉት፤ ሐይቁ የሚያስፈራ ነገር ካለበት ቢልሃርዚያ ነው፣ እሱም ወረርሽኝ ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ አብሮን የሚኖር ስለሆነ ማንም አዋጅ አላወጀበትም።

የአባጃሌ ጎረቤት

የዲያቆኑ ሐሳብ መልካም ነው፤ አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። የሚመጣውን እንግዳ የሚስበው ፋሲል ራሱ ነው። ታቦታቱ በየአጥቢያው ቢያድሩም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የሚመጣው ሰው ግንቡ አጠገብ መቆም ይፈልጋል፤ ማታም በአንድ ክፍል አምስት ስድስት ሆኖ በዘመድ ቤት ያድራል። በሲድኒ ያሉት ወንድማችን እንደነገሩን በሽታው የሚዛመተው በዚያ ማደሪያ ነውና፣ ለአካባቢው ሰው ክፍት አድርጎ ለሩቅ እንግዳ «ዘንድሮ አትምጡ» ማለት የግድ ይሆናል። ይህን ደግሞ አስጎብኚው ወንድማችን እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም።

አስጎብኚው

እቀበለዋለሁ፣ ነገር ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ለሩቅ እንግዳ አትምጡ የሚባል ከሆነ አልጋ ላከራየውና ቀብድ ለተቀበለው ሰው ምን እንደሚደረግለት በዚያው ማስታወቂያ ላይ ይጻፍ። ግብር ይቀነስለት፣ የብድር መክፈያው ይራዘምለት፣ ወይም ሌላ ነገር ይታሰብለት። አለበለዚያ ሰዉ እንግዳውን በጓሮ በር ያስገባል፤ ያኔ ማን ከየት እንደመጣ ንክኪ የሚከታተለውም አያውቅም።

የጤና ባለሙያ ከማራኪ

በጓሮ በር ያሉት ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። በሙያችን ከተዘጋ በር ይልቅ የተደበቀ በሽተኛ ያስፈራናል። ቅጣት ብቻ ሲበረታ ሰዉ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል እያበረደ ይደብቃል።

ስለዚህ በእኔ በኩል ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ እስኪታወቅ ድረስ፣ ማለትም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የታወቀ ቀን ያለውን ታላቅ ጉባኤ ማቆም ተገቢ ነው፤ ፋሲልም ቀኑ ከደረሰ ከዚህ አይቀርም። ከዚያ በኋላ በሽታው የትንፋሽ ከሆነ ተራውን ዳርቻና ሜዳውን ክፍት አድርጎ ጀልባውን፣ ሚኒባሱንና ማደሪያውን መቆጣጠር፤ የውኃ ከሆነ ደግሞ የቋራው ወንድማችን እንዳሉት መግቢያውን ዘግቶ ውስጥ ያለውን ማከም። ለጥምቀት ሌሊት ግን የግቢው ልክ ሳይታወቅ ምንም ዓይነት ደንብ ብናወጣ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህን ልክ የሚያወጣው ማነው? መሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያ፣ የቅርስ ጥበቃና የአድባራቱ ተወካዮች አንድ ላይ ገብተው ግቢውን ቢለኩት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዲያቆን፣ ጉዳዩ ለአባቶች በእርስዎ በኩል ሊደርስ ይችላልን?

ዲያቆን፣ ከቀሐ ኢየሱስ አካባቢ

ይደርሳል። የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለከተራ አስተባባሪዎች የሚመድቡት ከታኅሣሥ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት ተጽፎ ቢሰጠኝ ይሻላል። የመግቢያውን ስፋት፣ በገንዳው ዙሪያ ለመቆሚያ የሚሆነውን ቦታና ዛፎቹ ሥር ያለውን ክፍት ሜዳ ለየብቻው ብትጽፉልኝ ይበቃኛል፤ የእንጨት መቀመጫው ጉዳይም በዚያው ደብዳቤ ይግባ።